መንገዱ ተዘግቶ ወደ መሮን

ስለት ያለበትን ሰው «መንገድ ተዘግቷል» ብሎ ማስቀረት ከባድ ነው። ቁልቢ ገብርኤል የሚመላለስ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ታመምኩ የለ፣ ደከመኝ የለ። ቃል ተገብቷል፣ ይኬዳል።

እዚህ እስራኤል፣ አፉላ ከተማ ውስጥ፣ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አንዲት ጎረቤት አሉን። የተወለዱት ሞሮኮ ነው። የሕንፃው ልጆች ሁሉ «ሳፍታ» ይሏቸዋል፣ አያት ማለት ነው። እኔም እንደዚያው ነው የምጠራቸው። የልጅ ልጃቸው ተጠባባቂ ወታደር ነው። ጋዛ ሲገባ ሳፍታ ተሳሉ። በሰላም ከመጣልኝ ለላግ ባዖሜር በዓል መሮን ተራራ ወጥቼ ሻማ አበራለሁ አሉ። ልጁ በሰላም መጣ። ላግ ባዖሜርም ደረሰ። በሜይ 2024 ነው (ቀኑንም ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መሮን ግን ዝግ ሆነ።

መሮንን ለማታውቁ ትንሽ ልበል። በላይኛው ገሊላ፣ ከጽፋት ከተማ አጠገብ ያለ ተራራ ነው። በተራራው ወገብ ላይ የረቢ ሺሞን ባር ዮሐይ መቃብር አለ። ሕዝቡ ባጭሩ ራሽቢ ይላቸዋል። በሁለተኛው መቶ ዘመን፣ በሮማውያን አገዛዝ ጊዜ የኖሩ መምህር ናቸው። ከፋሲካ እስከ ሻቩዖት፣ እስከ ሰባቱ ሱባዔ በዓል፣ ያሉት 49 ቀኖች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ላግ ባዖሜር 33ኛው ቀን ነው። በትውፊት ራሽቢ ያረፉበት ቀን ይባላል። በዚያ ሌሊት ተራራው ላይ እሳት ይነዳል፣ ይዘፈናል፣ ይጨፈራል። ሦስት ዓመት የሞላቸው ወንዶች ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጉራቸውን ይላጫሉ። ከሞሮኮ የመጡት ደግሞ በዓሉን ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ነገር ነው። እዚያም በጻድቃን መቃብር ዙሪያ ድንኳን ተክለው፣ በግ አርደው፣ ሲዘምሩ ያድሩ ነበር። ሳፍታ ስለዚህ ሲያወሩ ፊታቸው ይለወጣል።

በዚያ ዓመት ግን ጦርነት ነው። የሊባኖሱ ሂዝቦላ ከኦክቶበር 8 ቀን 2023 ጀምሮ ሰሜኑን ይመታል። በመሮን ጫፍ ላይ የአየር ኃይል መቆጣጠሪያ ጣቢያ አለ፤ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ደጋግመው ሮኬት ተኩሰውበታል። ተራራው ከሊባኖስ ድንበር አሥር ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። ስድሳ ሺህ ያህል የሰሜን ነዋሪ ቤቱን ጥሎ በየሆቴሉ ተበትኗል። ስለዚህ መሮን ዝግ ወታደራዊ ክልል ነው ተባለ። ለሥርዓቱ ያህል ጥቂት ሰዎች እሳት እንዲያበሩ ተፈቀደ፣ ሌላው ሕዝብ እንዳይወጣ ታዘዘ።

ሳፍታ ትእዛዙን ሰምተዋል። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ያወራል። ሰንበት ሲወጣ ግን በራችንን አንኳኩ። ሻማቸውን በላስቲክ ይዘዋል፣ ሻሻቸውን አስረዋል። «ፖሊስ እስከፈቀደበት ድረስ ውሰደኝ» አሉኝ። «ከዚያ በላይ አልጠይቅህም።»

እምቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ሰው ስለቱን ለመፈጸም ሲነሳ ቢያንስ እስከ አጥሩ መሸኘት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድመን ተነጋገርን። ፖሊስ ተመለሱ ካለን እንመለሳለን። በጫካ የለም፣ በጥርጊያ የለም። ተስማሙ። እናቴ ከሶፋው ተነስታ ነጠላዋን አነሳች።

«አንቺ የት ነው?» አልኳት።

«ብቻቸውን ይሂዱ እንዴ?» አለችኝ።

ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እናቴ የተወለደችው ጎንደር፣ አምቦበር አካባቢ ነው። በእኛ በቤተ እስራኤል ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ርኩስ ነው። ከመንደር ወጥቶ ለብቻው ይቆያል፤ ታጥቦ፣ ነጽቶ ነው የሚመለሰው። ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» ብለው ስም ያወጡልን በዚህ ጥንቃቄ ነው። ታልሙድ፣ የረቢዎቹ የሕግና የትውፊት መጽሐፍ፣ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ላግ ባዖሜርንም፣ ራሽቢንም አናውቅም ነበር። መቃብር ላይ መጨፈርማ የማይታሰብ ነው። እናቴ እዚህ አገር ከመጣች በኋላ ሰዎች መቃብር ሲስሙ ባየች ቁጥር ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞራለች። አትነቅፋቸውም። ግን አትጠጋም።

እንግዲህ መኪናው ውስጥ ያሉትን አስቡ። ከፊት መቃብሩን ለመሳለም ዓመት ሙሉ የሚጠብቁ ሞሮኳዊት። ከኋላ መቃብር የማትጠጋ ጎንደሬ። ሁለቱ በደንብ የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም። እናቴ ዕብራይስጧ የገበያ ነው። ግን ዓመታት ሙሉ ምግብ ሲለዋወጡ ኖረዋል። ሳፍታ የእኛን ዳቦ ይወዱታል።

ከአፉላ መሮን በሰላሙ ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ነው። የጎላኒን መጋጠሚያ አልፈን ወደ ሰሜን ስንወጣ ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ተበላሸ። ቤይሩት አየር ማረፊያ ነህ አለኝ። በዚያ ሰሞን ሰሜን የነዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሰው አልባ አውሮፕላንና ሚሳኤል እንዲስት ሠራዊቱ የሳተላይቱን ምልክት ያውከዋል፤ የእኛም ስልክ አብሮ ይስታል። ስለዚህ በጥንቱ ዘዴ፣ የመንገድ ምልክት እያነበብኩ ነዳሁ። ምልክቶቹ መካከል ደግሞ የሚያበራ ሰሌዳ ቆሟል። ወደ መሮን የሚወስደው መንገድ ዝግ ነው ይላል።

መንገዱ ግን ባዶ አልነበረም። ከፊታችንም ከኋላችንም መኪና አለ። በአንዳንዱ መስኮት ሕፃን ልጅ ይታያል፣ ሦስት ዓመት የሞላው መሆኑ ከረጅም ጠጉሩ ያስታውቃል። ዳር ላይ መኪናቸውን አቁመው ወደ ዛፎቹ የሚገቡ ወጣቶችም አየን። ጥቁር ኮት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ በእጃቸው የውሃ ኮዳ። በእግር ሊሻገሩ ነው። አንዱን መስኮት አውርጄ አናገርኩት። ሮኬት እኮ ነው ያለው አልኩት። «ራሽቢ ይጠብቀናል» አለኝና ገባ። ዕድሜው ከልጄ አይበልጥም።

እምነቱን አላናንቅበትም። የእኔ ወገኖች ሰሜን ኢትዮጵያን አቋርጠው በእግራቸው ሱዳን የገቡት በምን ሆነና? ግን ያ ልጅ ያለውን መልስ ለመቀበል ይከብደኛል። ምክንያቱም በ2021 የሞቱት እዚያው፣ መቃብሩ ሥር ነበሩ።

ያንን ሌሊት እዚህ አገር የሚረሳው የለም። ኤፕሪል 30 ቀን 2021፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። የኮሮና ክልከላ ላልቶ ነበር፣ ሕዝቡ ተጠምቶ ወጣ። መቶ ሺህ ያህል ሰው ተራራው ላይ ነበረ ተብሏል። ከአንዱ የእሳት ሥርዓት ሲወጣ ሕዝቡ በአንዲት ጠባብ ተዳፋት መተላለፊያ ውስጥ ተጨናነቀ። ወለሏ ብረት ነው፣ ያንሸራትታል፤ መጨረሻዋ ደረጃ ነው። የፊተኞቹ ወደቁ። የኋለኞቹ ምን እንደሆነ አላዩም፣ መግፋታቸውን ቀጠሉ። 45 ሰው ሞተ። ወደ 150 ሰው ቆሰለ። ከሞቱት ውስጥ ሕፃናት ነበሩ። አንድ እናት ሁለት ልጆቿን በአንድ ሌሊት አጥታለች። በአገሪቱ ታሪክ ከጦርነት ውጭ እንዲህ ያለ አደጋ አልደረሰም።

የሚያበሳጨኝ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። የመንግሥት ተቆጣጣሪው ቦታው እንዲህ ላለ ሕዝብ አልተዘጋጀም ብሎ በ2008 ጽፏል። በ2011 ደግሞ ጽፏል። የሰማው የለም። ቦታው በተለያዩ ወገኖች የሃይማኖት አደራ ተቋማት እጅ ነበር፤ እያንዳንዱ የራሱን ጥግ ይዞ የራሱን እሳት ያነድ ነበር። ፖለቲከኛው ድምፅ እንዳይጎድልበት ፈራ። ፖሊስም በየዓመቱ እንደ ምንም አሳልፎ ለከርሞ አቆየው። ከአደጋው በኋላ የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሰብሳቢዋ የቀድሞዋ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሚሪያም ናኦር ነበሩ፤ ሥራው ሳያልቅ አረፉ፣ ዳኛ ድቮራ በርሊነር ተኩ። የመጨረሻው ሪፖርት በማርች 2024 ወጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤንያሚን ኔታንያሁ በግላቸው ኃላፊነት አለባቸው አለ። የፖሊስ አዛዦችንም፣ ሚኒስትሮችንም ስም ጠራ። እኛ ወደ ሰሜን የነዳነው ከዚያ ሁለት ወር ተኩል ያህል በኋላ ነው። ስለዚህ በዚያ ሌሊት የመንገድ መዝጊያ ሳይ የታየኝ ክልከላ ብቻ አልነበረም። ዘግይቶም ቢሆን አንድ ሰው ኃላፊነት ወስዶ መቆሙ ታየኝ።

ወደ መሮን የሚያወጣው መታጠፊያ ላይ ደረስን። ሰማያዊ መብራት፣ የብረት አጥር፣ ረጅም የመኪና ሰልፍ። አንዳንዱ ይጮኻል፣ አንዳንዱ ይለምናል። ከሩቅ የመድፍ ድምፅ ይሰማል። ተራችን ሲደርስ አንድ የድንበር ጠባቂ ፖሊስ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። ጥይት መከላከያ ለብሷል፣ ፊቱ የእኛ ልጅ ነው። ከኋላ ነጠላውን ሲያይ ወደ አማርኛ ቀየረ። ሰባራ አማርኛ፣ እዚህ የተወለደ ልጅ አማርኛ።

«እማማ፣ ከዚህ በላይ አይቻልም። ዝግ ነው።»

እናቴ ስለ መንገዱ አልጠየቀችውም።

«የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

የአባቱን ስም ነገራት፣ የአያቱንም። ከወገራ ናቸው አለ። እናቴ ትንሽ አሰበች፤ አያቱን ሳታውቅ አትቀርም። ከኋላችን ጡሩምባ ይነፋል። ልጁ ላብ በላብ ሆኗል። ከቀትር ጀምሮ ቆሜያለሁ አለኝ፣ ሰው ሰደበኝ አለ፣ ድንጋይም ወርውረውብናል አለ። ከዚያ ሳፍታን በዕብራይስጥ ይቅርታ ጠየቃቸው። ሳፍታ እጁን ያዙት። ስለታቸውን ነገሩት፣ የልጅ ልጃቸውን ነገሩት። «አውቃለሁ» አለ፣ «ግን አንቺን አሳልፌ ሮኬት ቢወድቅ ምን እላለሁ?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ስለ ራሽቢ ራሳቸው ማውራት አለብኝ። ብዙ ሰው መቃብራቸውን እንጂ ታሪካቸውን አያውቅም።

ታልሙድ እንደሚለው ሦስት መምህራን ተቀምጠው ሲነጋገሩ አንደኛው ሮማውያንን አመሰገነ። ገበያ ሠሩ፣ ድልድይ ሠሩ፣ መታጠቢያ ቤት ሠሩ አለ። ረቢ ሺሞን ግን ሁሉንም ለራሳቸው ነው የሠሩት አሉ። ድልድዩንም ቀረጥ ሊሰበስቡበት ነው አሉ። ወሬው ለመንግሥት ደረሰ፣ ሞት ተፈረደባቸው። ከልጃቸው ጋር ዋሻ ገቡ። ሐሩብ የሚባል ዛፍና የውሃ ምንጭ ተገኘላቸው፣ በዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሩ። ሲወጡ ሰዎች ሲያርሱና ሲዘሩ አዩ። የዘላለምን ሕይወት ትተው ለዕለቱ ይደክማሉ ብለው ተቆጡ፤ ያዩት ሁሉ ይቃጠል ነበር። «ዓለሜን ልታጠፉ ነው የወጣችሁት? ተመለሱ» የሚል ድምፅ ከሰማይ መጣ። አንድ ዓመት ደግሞ ዋሻ ውስጥ ቆዩ። ሁለተኛ ሲወጡ ለሰንበት ክብር ሁለት እስር አደስ ይዞ የሚሮጥ ሽማግሌ አዩ። ልባቸው ያን ጊዜ ረጋ።

እስከዚህ ብዙዎች ይተርኩታል። እኔ የምወደው ቀጥሎ ያለውን ነው። ረቢ ሺሞን ተአምር ተደርጎልኛልና የሚስተካከል ነገር ካለ ላስተካክል አሉ። ሰዎቹም የተጠራጠርነው ቦታ አለ አሏቸው። ከሥሩ መቃብር ይኖር ይሆናል ብለው ካህናቱ ይፈራሉ፣ መቃብር እንዳይረግጡ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ። እሳቸው ሄዱና መሬቱን መረመሩ። ጠንካራ የሆነውን ንጹሕ ነው፣ እለፉ አሉ። አፈሩ ልል የሆነውን ምልክት አደረጉበት፣ እዚህ አትርገጡ አሉ። መንገድ ከፈቱ ማለት ነው። የከፈቱትም ግማሹን በመዝጋት ነው።

ይህን ታሪክ ለእናቴ በአማርኛ የነገርኳት ከመንገድ መዝጊያው ስንመለስ ነው። ካህናቱ መቃብር እንዳይረግጡ ዞረው ይሄዱ ነበር የሚለው ላይ ስደርስ «ታዲያ እንደኛ ናቸዋ!» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ራሽቢ ጥያቄ ትጠይቀኝ ጀመር። ሌላ ልጅ ነበራቸው? ሚስታቸውስ ያን ሁሉ ዓመት ምን ሆነች? እኔ ያላሰብኩትን ነው የምትጠይቀው።

አጥሩ ላይ ቆመን ግን ዋናው ጥያቄ ሳፍታ ምን ያደርጋሉ የሚለው ነበር። አላለቀሱም። ወደ ጨለማው ተራራ አቅጣጫ አይተው ጥቂት ጸለዩ። ሻማ እንዳያበሩ ልጁ ለመናቸው፤ ሣሩ ደርቋል፣ እሳት ይነሳል። እሺ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ተማሪው ጋ ካልተቻለ መምህሩ ጋ እንሂድ» አሉኝ።

መምህሩ ረቢ ዓቂቫ ናቸው። መቃብራቸው ጥብርያዶስ ከተማ ላይ፣ ከባሕሩ በላይ ባለው ዳገት ነው ይባላል። ከቆምንበት ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ሳፍታ ይህን መንገድ ላይ ሲያስቡት እንደመጡ ገባኝ። በላግ ባዖሜር ታሪክ ውስጥ ረቢ ዓቂቫ ከራሽቢ አይለዩም። ሃያ አራት ሺህ ደቀ መዛሙርት ነበሯቸው፣ እርስ በርስ ስላልተከባበሩ በዚህ ወራት በመቅሠፍት አለቁ፣ በ33ኛው ቀን መቅሠፍቱ ቆመ ይባላል። ከዚያ በኋላ ካስተማሯቸው ጥቂቶች አንዱ ሺሞን ነው።

ወደ ጥብርያዶስ ስንወርድ እናቴ ዝም ብላ ቆየችና የስግድን ነገር አነሳች። ስግድ በዓላችን ነው፤ ከአስተስርዮ፣ ከኃጢአት ማስተስረያው ጦም፣ በኋላ በሃምሳኛው ቀን። በአገር ቤት ሕዝቡ ጦሞ፣ ነጭ ለብሶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ ይወጣ ነበር። ቄሶቹ ኦሪት ያነባሉ፣ ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ ይሰግዳል። ከዚያ ወርዶ ይበላል፣ ይጨፍራል። ኢየሩሳሌም በዓይን አይታይም። መንገዱም የለም። ግን ተራራ አለ፣ እሱ ይወጣል። እናቴ በአምቦበር በልጅነቷ ስንት ዳገት እንደወጣች ትዝ እያላት ታወራ ነበር። «እኛ ሳንደርስ ነው የተሳለምነው» አለች።

ይህ ነገር እስከ ዛሬ በውስጤ ይመላለሳል። የተዘጋ መንገድ ላይ መሳለምን ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሕዝብ የለም ብዬ አስባለሁ። ለትውልዶች የኖርንበት ነው። አልደረስንም ብለን እምነቱ አልጎደለብንም። በ2008 ክኔሴት፣ የእስራኤል ፓርላማ፣ ስግድን የአገር በዓል ሲያደርገው እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ከሽማግሌዎቹ ሊማሩት ከሚገባቸው ነገር አንዱ ይህ ነበር። ስለዚህ በዚያ ሌሊት በጫካ ለገቡት ልጆች ብናገር ይህን ነው የምናገረው። አጥሩ ጋ ቆሞ የጸለየ ሰው የጎደለበት ነገር የለም።

ግን ነገሩ ሙሉ እንዲሆን ሌላውንም ታሪካችንን ልጨምር። በ1862 አባ ማህሪ የሚባሉ መነኩሴ ጊዜው ደርሷል ብለው ሕዝቡን አስነሱ። በእግር ወደ ኢየሩሳሌም። ቀይ ባሕር እንደ ሙሴ ጊዜ ይከፈልልናል ብለው አመኑ። ስንቅ የለም፣ ዝግጅት የለም። ትግራይ ላይ ረሃብና በሽታ ጨረሳቸው። ብዙዎች እዚያው ቀሩ። በ1980ዎቹ ደግሞ በሱዳን በኩል ሲሄዱ ወደ አራት ሺህ የሚሆኑ ወገኖቻችን በመንገድና በስደተኛ ካምፕ ሞተዋል። ከነዚያ ውስጥ የእናቴ ታላቅ እህት አለችበት፤ ኡም ራኩባ ነው የቀረችው። በየዓመቱ ከላግ ባዖሜር አሥር ቀን በኋላ፣ በኢየሩሳሌም ቀን፣ ሄርጽል ተራራ ላይ እናስባቸዋለን። ያ መንገድ መኬድ ነበረበት፣ ያለዚያ ዛሬ እዚህ የለንም። ለዚህ ነው ዝግ መንገድ ሲያዩ የሚነዱ ሰዎችን በችኮላ መኮነን የሚያቅተኝ። አንዳንዱ መንገድ የሰው ሕይወት ያስከፍላል፣ ደግሞም ይገባዋል። ለአንድ ሌሊት በዓል ግን አይገባም። የራሱ የአይሁድ ሕግ ነፍስ ማዳን ሰንበትን እንኳ ይሽራል ይላል።

ጥብርያዶስ ስንደርስ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። ሆቴሎቹ በተፈናቃይ ተሞልተዋል፣ በረንዳው ላይ የልጆች ልብስ ተሰጥቷል። ዳገቱን በመኪና ወጣን። እኛ ብቻ አልነበርንም፤ ከመሮን የተመለሱ ሌሎችም እዚያ መጥተዋል። ሳፍታ በእኔ ክንድ ተደግፈው ገቡ። ሻማቸውን አበሩ። ለልጅ ልጃቸው፣ ጋዛ ውስጥ ለታገቱት፣ ለወታደሮቹ፣ ለዚያ ለወገራው ልጅም ጸለዩ፤ ስሙን ጠይቀውት ነበር። እናቴ ውጭ፣ ከግንቡ ራቅ ብላ፣ ባሕሩን ወደሚያሳየው አጥር ተጠግታ ቆመች። ፊቷን ወደ ደቡብ አዙራ ነው የጸለየችው፣ ወደ ኢየሩሳሌም።

እዚያ ቆሜ ትዝ ያለኝ አንድ የታልሙድ ወሬ አለ። ረቢ ዓቂቫ በሮማውያን ታስረው ሳለ ሺሞን እስር ቤት ድረስ ሄደው አስተምሩኝ አሏቸው። መምህሩ እምቢ አሉ፣ ለተማሪያቸው ፈርተው። «ጥጃው ሊጠባ ከሚፈልገው በላይ ላሟ ልታጠባ ትፈልጋለች» አሉ። ሺሞንም «አደጋው ያለው በጥጃው ላይ አይደለም ወይ?» ብለው መለሱ። በመጨረሻ መምህሩ አምስት ነገር አስተማሯቸው። እንግዲህ ራሽቢም ወደ ዝግ ቦታ የሄዱ ሰው ናቸው። ጫካ የገቡት ልጆች ይህን ቢጠቅሱልኝ መልሱ ይከብደኛል። አንድ ነገር ግን እላለሁ። ሺሞን የራሳቸውን ነፍስ ነው ያስያዙት። ሦስት ዓመት የሞላውን ሕፃን ከኋላ ወንበር ጭነው አልሄዱም።

ስንመለስ እናቴ ቀኑን ጠየቀችኝ። ከቤት የተነሳነው ሜይ 25 ነበር። በ1991 ልክ በዚያ ቀን ነው በሰለሞን ዘመቻ እዚህ የገባነው፤ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲነሳ። 33 ዓመት ሞልቶታል። ሳፍታ ቁጥሩን ሲሰሙ በጣም ተደሰቱ፤ ከ33ኛው ቀን ጋር አገናኙት። ቤት እስክንደርስ ድረስ የእናቴን ጉልበት እየመቱ ይህንኑ ሲያወሩ ነበር።

በ2024 ኖቬምበር መጨረሻ ከሊባኖስ ጋር ተኩስ ቆመ። በ2025 ላግ ባዖሜር መሮን ተከፈተ፣ ግን በትኬትና በአውቶቡስ። በግል መኪና መቃብሩ ድረስ መንዳት የለም። ሳፍታ ሄዱ። በማግስቱ ሲነግሩኝ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ውስጥ ብዙ እንድንቆይ አልፈቀዱልንም፣ ቶሎ ቶሎ አስወጡን ብለው አዘኑ። ማዘናቸው እውነት ነው፣ ስለቱ የዓመት ናፍቆት ነበረበት። እኔ ግን ስሰማ ደስ አለኝ። ይህ ሰልፍ፣ ይህ ትኬት፣ ይህ «ጊዜያችሁ አልቋል ውጡ» የሚል ሰው ከ2021 በፊት ሊኖር ይገባው ነበር። አሁንም ሥራው አላለቀም። ቦታው አንድ ባለቤት፣ ሰፊ መውጫና መግቢያ ያስፈልገዋል። ይህ እስኪሆን ድረስ በየዓመቱ መንገዱ ላይ አጥር ይቆማል። አጥሩ ላይ የሚቆሙት ልጆች ደግሞ የእኛው ልጆች ናቸው። የምትነዱ ከሆነ እባካችሁ አትስደቧቸው። ከቀትር ጀምረው ነው የሚቆሙት፣ ውሃ ያዙላቸው።